የመልቀቂያ ፈተናን ቤት ሆኖ አጥንቶ ስለ መድገም

ወንድሜ፣ የመልቀቂያ ፈተናውን ቤት ሆኜ አጥንቼ ልድገም፣ መጽሐፎቹንስ ከመጀመሪያው ገጽ ልጀምራቸው ወይ ብለሃል። መድገሙን ድገም። ከመጀመሪያው ገጽ መጀመሩን ግን ተወው።

በቅድሚያ የግል ተፈታኞች የሚመዘገቡበትን ቀን አጣራ። ከትምህርት ቤት ውጭ ስለሆንክ ማንም አያስታውስህም። ቀኑ ካለፈ ልፋትህ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሮ እንደሆነም እይ።

ከዚያ አንድ የቆየ ፈተና ሰዓት ይዘህ፣ ደብተር ሳትገልጥ ሥራ። የሳትካቸውን አንድ በአንድ ለይ። ጭራሽ የማታውቀው ነው? የረሳኸው? ወይስ ጥያቄውን በጥድፊያ አንብበህ ነው? የሦስቱም መፍትሔ ለየቅል ነው። መጽሐፍ የሚያስፈልገው ለመጀመሪያው ነው።

ደጋሚን በጣም የሚሸውደው ግን ሌላ ነው። ምዕራፉን ስታነብ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ትላለህ። ገጹን ዓይንህ ስለለመደው ነው። መጽሐፉን ዝጋና ባዶ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ያኔ ጉዱ ይወጣል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይህንኑ ፈትሸው ነበር። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ቀደሟቸው።

ሌላው፣ ቤት የዋለ ሰው ሥራ ፈት ይመስላል (ያናድዳል!)። «እስቲ ይሄን አድርስልኝ» ይበዛብሃል። የጥናት ሰዓትህን ለቤተሰብ ቁርጡን ንገር። ፈተናው ጠዋት ከሆነ ከባዱን ትምህርት ጠዋት አጥና። ጥሩ ውጤት ያመጣህባቸውንም በሳምንት አንዴ ነካ ነካ አድርጋቸው።