«ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጬ ማንን እጠቅማለሁ?» ላለችኝ ልጅ

በቅርቡ ደብረ ብርሃን ውስጥ ለጤና ተማሪዎች ስለ ሥራ ልምዴ እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ እኔ የምማረው ሜዲካል ላብራቶሪ ነው። ቤተሰቦቼ ሐኪም ብትሆኚ ነበር ሰው የምታድኚው ይሉኛል። የምርምር ተቋም ገብቼ ዕድሜዬን ማይክሮስኮፕ ላይ ባሳልፍ ማንን እጠቅማለሁ?»

እዚያው የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። ቤት ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በአእምሮዬ የመጣው አንድ የመንዝ ሰው ነው። ስለዚህ መልሱን በጽሑፍ ላድርገው። ለእሷም ይሁን፣ እንደ እሷ ለምታስቡም ሁሉ።

ጠንክራችሁ ተማሩ፣ ሰዓት አክብሩ የሚለውን አልጽፍም። እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል።

ነገሩ የሆነው በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ በመንዝና ግሼ አውራጃ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ድሬሰር፣ ማለትም የጤና ረዳት፣ ነበርኩ። የሥጋ ደዌ ሕሙማን መድኃኒት የሚያገኙት በወር አንዴ፣ በገበያ ቀን ነው። ቡድኑ በላንድሮቨር ይመጣል። ከገበያው ዳር ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ይዘረጋል። እኔ ካርድ አወጣለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ ኪኒን ቆጥሬ እሰጣለሁ። ሕሙማኑ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ያን የመንዝ ብርድ ችለው ከሌሊት ጀምሮ ሲጓዙ አድረው ይደርሳሉ። ከገበያተኛው ራቅ ብለው ይሰለፋሉ። ራቅ በሉ ያላቸው ሰው አልነበረም። ለምደውት ነው።

ከነሱ መካከል ባና፣ ያን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሠሩ አንድ ጎልማሳ ነበሩ። ያኔ ለሥጋ ደዌ የሚሰጠውን ኪኒን፣ ዳፕሶንን፣ ለዓመታት ሲወስዱ ቆይተው ተሽሏቸው ነበር። የጆሯቸው እብጠት ጠፍቶ፣ ፊታቸው ወደ ቀድሞው መልኩ ተመልሶ፣ ሰው ቤትም ቡና ይጠሩ ጀምረው ነበር። ከዚያ እብጠቱ ተመለሰ። መጀመሪያ ጆሯቸው ላይ፣ ቀጥሎ ቅንድባቸው አካባቢ። ከጆሯቸው ጫፍ ናሙና ተወስዶ ሲታይ ስላይዱ በቀይ ዘንጎች ተሞልቷል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በማቅለሚያው ቀይ ሆኖ ነው የሚታየው።

የቡድኑ ኃላፊ ካርዱን አየና «አንተ፣ ኪኒኑን አትውጥም፤ ትሸጠዋለህ» አላቸው። በአባቱ ዕድሜ ያሉ ሰው ነበሩ። እንደዚያ በ«አንተ» ሲናገራቸው ሰልፉ ሁሉ አንገቱን ደፋ።

«ጻድቃኔን! አንድም ቀን አላሳለፍኩም» አሉ። ከጉያቸው የሱፍ ክር አወጡ። ረጅም ክር ነው፤ ከላይ እስከ ታች ተቋጥሯል። ማንበብም መጻፍም አይችሉም። ኪኒን በዋጡ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ይቋጥሩ ነበር። ኃላፊው ዞር ብሎም አላየው። ካርዳቸው ላይ «መድኃኒት የማይወስድ» ብሎ ጻፈና ቀጣዩን ጠራ።

እኔ አምኛቸዋለሁ። ቤታቸውንም፣ ጠባያቸውንም አውቃለሁ። በዚያ ላይ ጣቶቻቸው መደንዘዝ ጀምረው ስለነበር ያን ሁሉ ቋጠሮ መቋጠር ራሱ ቀላል ሥራ አልነበረም። ግን የአንድ ድሬሰር እምነት ምን ይፈይዳል? የሚታወቀው ሕግ «ዳፕሶን የወሰደ ይድናል፤ ያልዳነ አልወሰደም» የሚል ነው። ያንን የሚያፈርስ ማስረጃ በእጄ አልነበረም። በማግስቱ ወርም ያንኑ ኪኒን ሰጠናቸው። ከዚያ መምጣት ተዉ። ምድጃ ላይ እጃቸው ሲቃጠል ሳይሰማቸው ቀርቶ ጣቶቻቸውን እንዳጡ ሰማሁ። መጨረሻ ያየኋቸው ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ላይ ነው። ሰላም አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ እኮ ውጬዋለሁ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ዓመታት አልፈው ለሥልጠና አዲስ አበባ ዘነበወርቅ፣ የሥጋ ደዌ ሆስፒታልና ማሠልጠኛ ወደሆነው አለርት ግቢ ገባሁ። እዚያ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ባክቴሪያው ዳፕሶንን መላመድ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1964 ማሌዥያ ውስጥ ተረጋግጦ ነበር። ያረጋገጡት በአይጥ ነው። ይህ ባክቴሪያ በላብራቶሪ ሳህን ላይ አይበቅልም። ከሕመምተኛው ቆዳ ተወስዶ በአይጥ መዳፍ ውስጥ ይገባል። አይጡ ዳፕሶን እየበላ ባክቴሪያው ከተራባ፣ ችግሩ ከሰውየው ሳይሆን ከመድኃኒቱ ነው ማለት ነው። ባክቴሪያው አንድ ጊዜ ለመከፈል ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት መልሱ ብዙ ወራት ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ከኢትዮጵያ የወጣ ጥናት የባሰውን አሳየ። ዳፕሶን ቀምሰው የማያውቁ አዲስ ሕሙማንም መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ይዘው መምጣት ጀምረዋል።

መምህሩ ይህን ሲያስረዱ እኔ ያን ክር ነበር የማየው። አገር ቤት ስመለስ ሰውየውን ጠየቅኩ። ሞተዋል። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። «እርስዎ ልክ ነበሩ» የሚላቸው ሰው ሳይመጣ ሄዱ።

እንግዲህ ልጄ፣ ማንን እጠቅማለሁ ላልሽው፣ እሳቸውን ነው። ያን ቀን ከጠረጴዛው ፊት ስቴቶስኮፕ ያንጠለጠለ ሰው ቢቆም የሚያመጣው ለውጥ አልነበረም። እውነታቸውን ሊያወጣላቸው የሚችለው አይጥ ቤት ውስጥ ወራት የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነበር።

ስለዚያ ግቢ ትንሽ ልበል፤ የዛሬ ልጆች ስሙን እንጂ ታሪኩን ብዙም አታውቁም። አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። ከጎኑ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በ1970 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ አሁን በአጭሩ አህሪ የምንለው። ያቋቋሙት የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ከእኛ ጤና ጥበቃ ጋር ሆነው ነው። ኖርዌይ ምን አገባት የሚል ይኖራል። ኖርዌይ ራሷ በሥጋ ደዌ የተሠቃየች አገር ነበረች። ስሙ ለተቋሙ የተሰጠው ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. በበርገን ከተማ ባክቴሪያውን ሲያገኝ፣ ብዙ ሐኪሞች በሽታው በዘር የሚወርድ ነው ይሉ ነበር።

በዘር ይወርዳል የሚለው እኛ አገርም ስንት ጋብቻ አፍርሷል! ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጣራው ይህ ነበር። ለዚህ ደግሞ አህሪ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሠራው ሥራ አለ። ቶሬ ጎዳል የሚባል ኖርዌጂያዊ ከኢትዮጵያዊ ባልደረባው ጋር ከሕሙማን ጋር የሚኖሩና የሚሠሩ ጤነኛ ሰዎችን ደም መረመሩ። የብዙዎቹ ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያውን ያውቁታል። ባክቴሪያው ገብቶባቸዋል፤ ሰውነታቸው ግን አሸንፎታል። ውጤቱ በ1973 እ.ኤ.አ. ታተመ። አብዛኛው ሰው ባክቴሪያው ቢደርስበትም አይታመምም ማለት ነው። ያንን ወረቀት በየቀዬው ብናነብ ኖሮ እነዚያ ሰዎች ከገበያው ርቀው ባልቆሙ። ጎዳል ኋላ ጄኔቫ ሄዶ የሐሩር በሽታዎችን የምርምር ፕሮግራም መራ፤ ለድሃ አገሮች ክትባት የሚያቀርበውን ጋቪንም ሲመሠረት መርቷል።

ከዚያ በ1981 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች አንድ መድኃኒት ብቻ መስጠት ይቅር አሉ። ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን በአንድነት። ባክቴሪያው አንዱን ቢላመድ ሌላው ይይዘዋል። መድኃኒቱ ሲመጣ እኔም አድያለሁ። ሪፋምፒሲኑ ሽንታቸውን ሲያቀላው ሰዎች ይደነግጡ ነበር። ክሎፋዚሚን ቆዳ ያጠቁራል፤ ጎረቤት ያውቅብናል ብለው ያቋረጡም አሉ። ቢሆንም ዕድሜ ልክ ይወሰድ የነበረው መድኃኒት ዛሬ በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ያበቃል። በዓለም ላይ ከ16 ሚሊዮን በላይ ሰው በዚህ ሕክምና ድኗል።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። የዛሬ ወጣት መልስ በደቂቃ ይፈልጋል። ስልክ ይነካል፣ ይመጣል። ምርምር እንደዚያ አይደለም። እኔ በጉም ወቅት ደብረ ሲና ላይ ስሠራ መብራት ስለሌለ ማይክሮስኮፑን በመስታወት ከፀሐይ ጋር ነበር የምናሠራው። ጉሙ ካልተገለጠ ስላይድ አይነበብም። እስኪገለጥ ቁጭ ነው። ዛሬ የሪኤጀንት፣ የመመርመሪያ ኬሚካል፣ መዘግየት ሰውን ሥራ ያስለቅቃል።

ግን እውነቱን ልጨምር። የእኛ ትውልድ ትዕግሥተኛ ነበር፣ ጠያቂ ግን አልነበረም። ያን ቀን ዛፉ ሥር ከነበርነው ባለሙያዎች መካከል «መድኃኒቱስ ቢሆን?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ይቺ ልጅ ብትሆን ትጠይቅ ነበር። በዚህ ከእኛ ትሻላላችሁ። ስለዚህ ትዕግሥት ተማሩ ያልኩትን ሁሉን አሜን በሉ ብላችሁ አትተርጉሙት።

ጥሩ ጥያቄ ደግሞ ከላብራቶሪ ብቻ አይነሣም። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከወንዙ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣዋ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ናት። ሸዋ ሮቢት በመስኖ የሚያርሱ ሰዎች ቢልሃርዚያ ምን እንደሚያደርግ ያውቁታል። ልብስ አጣቢዎቹ ለዘመናት ሲያዩት የኖሩትን ነገር እሱ ቆም ብሎ አጤነው። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ የሚጠራ የምርምር ተቋም አለ።

አህሪም ዛሬ የሥጋ ደዌ ብቻ ተቋም አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. ወደ መንግሥት እጅ ገብቷል። በቲቢ፣ በቁንጭር፣ በወባ ላይ ይሠራል፤ ኮቪድ ሲመጣም ናሙና ሲመረምር ነበር። መጀመሪያ የውጭ ሰዎች ይመሩት የነበረውን ቤት የእኛ ልጆች ሲመሩት ማየት ደስ ይለኛል። ደመወዙ ይበቃል ወይ ብትይኝ፣ አይበቃም። ይህን ለመንግሥት መንገር የእኛ የሽማግሌዎቹ ሥራ ነው።

አንድ የማጠብቀው ነገር አለ። የሕመምተኛ ሁኔታ ካልተሻሻለ መጀመሪያ ሰውየውን አትጠርጥሩ። መድኃኒቱን ጠርጥሩ፣ ምርመራውን ጠርጥሩ፣ የራሳችሁን ንባብ ጠርጥሩ። «አልወሰደም» የሚለውን ካርድ ላይ የምትጽፉት የመጨረሻ ላይ ይሁን።

ሥጋ ደዌ ጠፍቷል የሚሏችሁንም አትስሙ። ዛሬም በአገራችን በየዓመቱ ሺዎች አዲስ ይያዛሉ፤ ሕፃናትም አሉባቸው። የደነዘዘ፣ የነጣ ወይም የቀላ ቆዳ ይዞ ለመጣ ሰው ቅባት ሰጥቶ የሚሸኝ ጤና ጣቢያ ዛሬም አለ። በሽታውን አይቶ የሚያውቅ ባለሙያ እያነሰ ነው።

ሥራው ደግሞ አላለቀም። ከ1873 ወዲህ ይህን ባክቴሪያ በሳህን ላይ ያበቀለ ሰው የለም። ከሰው ወደ ሰው የሚሄድበት መንገድ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። አንዴ የሞተን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒትም አልተገኘም። ልጄ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ስትቀመጪ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱን ይዘሽ ተቀመጪ። ደብረ ብርሃን ስመጣ የትኛውን እንደመረጥሽ ንገሪኝ።