የኪስ ካሜራ ለሰርግ ይበቃል?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የምትኖር እህቴ ትገለገልበት የነበረውን ካኖን ዲጂታል ኢክሱስ 70 የተባለ ትንሽ ካሜራ በሰው ላከችልኝ። በቀን ያነሣኋቸው ፎቶዎች ደስ ቢያሰኙኝም፣ በአንድ የምሽት ግብዣ ላይ ያነሣኋቸው ግን ጨለማና የተንቀጠቀጡ ሆኑብኝ። የገዛሁለትን ባለ 64 ጊጋባይት ካርድም አልቀበልም አለ። በመጪው ጥር የአጎቴን ልጅ ሰርግ በዚሁ ካሜራ ለማንሣት አስባለሁ፤ ይበቃኛል ወይስ በስልኬ ላንሣ?
(አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለቀኑ ሥርዓት ይበቃዎታል፤ ለምሽቱ ግን በእርሱ ብቻ ባይተማመኑ ይሻላል። ችግሩ ደግሞ የካሜራው ማርጀት ሳይሆን መቅጠኑ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ይህ ካሜራ ያለ ባትሪው 125 ግራም ገደማ የሚመዝን ሲሆን ውፍረቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሌንሱ ተሰብስቦ በዚህ ስስ ገላ ውስጥ እንዲገባ ሲባል፣ ብርሃንን ወደ ምስል የሚለውጠው ሴንሰር እጅግ አንሶ ተሠርቷል፤ ስፋቱ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ብዙ የሰርግ ፎቶ አንሺዎች የሚይዙት፣ ሙሉ ፍሬም የሚባለው ትልቅ ካሜራ ሴንሰር ከዚህ 35 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። 7.1 ሜጋፒክስል የሚለው ቁጥር ለአልበም ከበቂ በላይ ቢሆንም፣ ስለ ጨለማ የሚነግረን ነገር የለም።

ብርሃን ሲያንስ ካሜራው መዝጊያውን ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ያደርጋል፤ የእጅ ንቅናቄን የሚያካክስ መሣሪያ ስላልተገጠመለት ያን ጊዜ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። አይኤስኦ የተባለውን የብርሃን ትብነት መቆጣጠሪያ ከፍ ቢያደርጉት ደግሞ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላም ነገር አለ፦ ዙሙን እስከ መጨረሻው ሲስቡት ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ ፍላሹም ያለ ዙም ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ሲደርስ፣ በሙሉ ዙም ግን ሁለት ሜትር ላይ ይቀራል። ስለዚህ በድንኳን ውስጥ ሙሽሮቹን ከሩቅ ከመሳብ ይልቅ ቀርበው ያንሡ። የግብዣው ፎቶዎችዎ የጨለሙት በዚህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

ከስልክዎ ጋር ሲነጻጸር ሁለት ብልጫዎች አሉት። ዙሙ ሌንሱን በማንቀሳቀስ የሚሠራ በመሆኑ ፊትን ብቻውን ሲያነሡ ምስሉ አይሳሳም፤ ፍላሹም እንደ አብዛኞቹ ስልኮች መብራት ሳይሆን በቅጽበት በርቶ የሚጠፋ ብርቱ ብልጭታ ስለሆነ፣ እስክስታ የሚወርድን ሰው ትከሻ ሳይደበዝዝ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ፍላሹ ለሌንሱ እጅግ ስለሚቀርብ ዐይንን ቀይ የሚያደርግ መሆኑን ግን ይወቁ። ፍላሽ በማይፈቀድበት ቦታ፣ ብዙ ምስሎችን አዋሕዶ አንድ የሚያደርግ አዲስ ስልክ ካለዎት እርሱ ይበልጣል።

ሰርጉ በጥር ስለሆነ ስለ ነጠላም አንድ ነገር ልጨምር። ፍሬሙ በነጭ ልብስ ሲሞላ ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ምስሉን ያጨልማል፤ የሰዎቹም ፊት ይጠቁራል። በጠራራ ፀሐይ ፍላሽ ማብራት እንግዳ ቢመስልም፣ ቀረብ ብለው ፍላሹን በግድ ቢያበሩት ፊታቸው ይፈካል።

ካርዱን በተመለከተ ካሜራው አልተበላሸም። ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ የሚከተለው አሠራር ይፋ የሆነው በ2009 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ካሜራው ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ 32 ጊጋባይት ወይም ከዚያ ያነሰ ይግዙለት። ባትሪው አዲስ ሳለ 210 ያህል ፎቶ ያነሣ ስለነበር የዛሬ አቅሙ ከዚያ ማነሱ አይቀርም፤ ትርፍ ባትሪ ይያዙ፣ የኋላውን ስክሪን አጥፍተው በትንሿ መስኮት እያዩም ያንሡ። ቀኑን ሲሞሉ ደግሞ የፈረንጆቹን ይሙሉ፤ ጥር 10ን የጃንዋሪ 10 አድርገው ከሞሉት፣ ፎቶዎቹ ኮምፒዩተር ላይ ከስልክዎ ፎቶዎች በስምንት ወይም በዘጠኝ ቀን ቀድመው ይደረደራሉ።