ሰማይ ላይ ያለው ሰዓት ነው፦ ለወጣት ቀያሾችና መሐንዲሶች

ልጆች፣ ስለ ጂፒኤስ ሲነሳ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ስለ ሮኬቱና ስለ ፀሐይ ክንፉ ነው። እኔ ከሰዓቱ ጀምሩ እላለሁ። ሳተላይቱ ሬድዮ የተገጠመለት ሰዓት ነው፤ ክንፉም አንቴናውም ያንን ሰዓት ለማገልገል የተሠሩ ናቸው። «አሁን ሰዓቱ ይህ ነው፣ ያለሁትም እዚህ ነው» እያለ ይልካል፣ ስልካችሁ ደግሞ መልእክቱ የፈጀበትን ጊዜ ወደ ርቀት ይለውጣል። ሞገዱ በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር ስለሚሄድ የአንድ ማይክሮሰከንድ ስህተት 300 ሜትር ያስታል። አራት ሳተላይት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ አራተኛው የስልካችሁን ርካሽ ሰዓት ለማረም ነው።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ 55 ዲግሪ ባዘነበሉ 6 የምህዋር ጠለሎች ይዞራሉ፤ አንዱ ዙር 11 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ይፈጃል። እዚያ ላይ የምድር ስበት ስለሚላላ ሰዓቱ በቀን 45 ማይክሮሰከንድ ይፈጥናል፣ በፍጥነቱ ምክንያት ደግሞ 7 ይዘገያል። ቀሪው 38 ዝም ቢባል በቀን 11 ኪሎ ሜትር ያህል የርቀት ስህተት ያከማቻል። ስለዚህ 10.23 ሜጋኸርዝ መምታት ያለበት ሰዓት ገና ምድር ላይ ሳለ በ10.22999999543 ይሞላል። ጊዜ በስበትና በፍጥነት ይለዋወጣል የሚለው የአንስታይን ትምህርት ፍልስፍና ለሚመስላችሁ፣ እዚህ የፋብሪካ ቅንብር ነው።

ንድፍ የምትሠሩ ደግሞ ትንሹን ቱቦ አትናቁ። በነሐሴ 2014 እ.ኤ.አ. ሁለት የጋሊሊዮ (የአውሮፓ የጂፒኤስ አቻ) ሳተላይቶች ከታሰበው ምህዋር ውጭ ቀርተዋል። ሳተላይቶቹ ጤነኛ ነበሩ፤ በሮኬቱ የላይኛ ክፍል የሃይድራዚን ነዳጅ ቱቦና የቀዝቃዛ ሂሊየም ቱቦ በአንድ ማሰሪያ ተያይዘው ስለነበር ነዳጁ ረጋ።

አሁን ወደ ሥራችሁ። የድሮ ካርታ ላይ «አዲንዳን» የሚል (ካርታው የተሠራበት የቀድሞ የልኬት መነሻ ነው) ካያችሁ የስልካችሁን ንባብ እንዳለ አታስፍሩበት፤ በዩቲኤም (ቦታን በሜትር በሚገልጸው የካርታ መረብ) 200 ሜትር ገደማ ይስታል። በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ትክክለኛ ልኬት አትያዙ። አገራችን ለመግነጢሳዊው ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው አየር ንብርብር) ይናወጥና ምልክቱ ይቆራረጣል።

መሀል ከተማ ዋናው ጠላት ግን መስታወት ነው። ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ፣ 209 ሜትር ከሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ ሥር ብትቆሙ፣ ተቀባያችሁ ግድግዳ ነክቶ የመጣን ሞገድ ቀጥታ የመጣ መስሎት ይቆጥራል፤ የዞረበት መንገድ በርቀቱ ላይ ይደመራል። ከአዲስ አበባ ሲታይ፣ በምህዋሩ 55 ዲግሪ የተነሳ፣ በቀጥታ ሰሜን ከአድማስ እስከ 30 ዲግሪ ገደማ የጂፒኤስ ሳተላይት አይገኝም። ፎቅ ካልቀረ በስተሰሜናችሁ ይሁን፣ ብዙ አይጋርዳችሁም። መስታወቱ ወደ ደቡብ ከዞረ ግን የደቡቡን ሞገድ ስለሚመልስ ራቅ በሉ።

ሌላው የብዙ ወጣት ስህተት የነጥቡን ልኬት በማግስቱ በዚያው ሰዓት ደግሞ «ገጠመልኝ» ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ያያችሁት ሳተላይት ነገ 3 ሰዓት ከ56 ላይ እዚያው ቦታ ይገኛል፤ ነጸብራቁም ስህተቱም አብሮት ይመለሳል። ሁለተኛውን ልኬት ከሰዓት በኋላ፣ 9 ሰዓት ላይ ውሰዱ።