ካቻቢቴውን ከማንሳታችሁ በፊት

ውድ ወጣት የጥርስ ሐኪሞች፣

ይህን የምጽፍላችሁ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ተቀምጬ ነው። ፊት ለፊቴ አንድ ጎልማሳ ጀልባውን የሚያስርበት ችካል ሊተክል ነው። ሁለት ቦታ በእግሩ ረግጦ ተወው። ሦስተኛው ላይ ነው መዶሻውን ያነሳው። እናንተ ትዝ አላችሁኝ።

ጥርስ ለማስተካከል ብሬስ (የጥርስ ሽቦ) ለምናስር ሰዎች ሚኒ ስክሩ ትልቅ እፎይታ ነው። ድሮ የፊት ጥርስ ወደ ኋላ ስንስብ የኋላው ጥርስ ወደ ፊት እየተሳበ ያስቸግረን ነበር። አሁን አጥንት ላይ የገባች ትንሽ ብሎን ሸክሙን ትይዝልናለች። የምትይዘው ግን ቦታዋን ስታገኝ ነው።

በጥርስ ሥሮች መካከል ስታስገቡ በግራም በቀኝም ቢያንስ 1 ሚሊሜትር አጥንት ተዉላት። የ1.5 ሚሊሜትር ብሎን እንግዲህ 3.5 ሚሊሜትር ክፍተት ትፈልጋለች። ላይ፣ በሁለተኛው ቅድመ መንጋጋና በመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ መካከል ብዙ ጊዜ ቦታ ይገኛል። በጣም ከፍ ካላችሁ ግን ሳይነስ፣ ከጥርሶቹ በላይ ያለው አየር የሞላበት ክፍተት፣ አለ። ታች፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መንጋጋ ጥርስ መካከል ሰፋ ይላል። ወደ ቅድመ መንጋጋዎቹ ስትመጡ ከበታቻቸው ለሚወጣው የአገጭ ነርቭ ተጠንቀቁ። የላንቃ ፊት ለፊቱ ክፍል፣ ከመሀሉ መስመር ትንሽ ወደ ጎን፣ ሥር የሌለበት ጥሩ አጥንት ነው፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ።

ድዱንም እዩ። ከንፈሩን ስትስቡ አብሮ የሚንቀሳቀስ ድድ ላይ አትትከሉ። ያብጣል፤ ብሎኗም ትላላለች። ሁሉንም ጥርስ በአንድ የሚያሳየውን ፓኖራማ ራጅ ብቻ አይታችሁም አትወስኑ፤ በሥሮች መካከል ያለውን ርቀት ያዛባል። የቦታውን ትንሽ ራጅ አንሱ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እስካሁን ይከነክነኛል። ወጣት ሳለሁ አንዲት ልጅ እንዳያማት ብዬ ማደንዘዣ አበዛሁባት። ስጠመዝዝ እጄ ላይ ድንገት ከበደኝ። አጥንቱ ጠንካራ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ራጁ ሲነሳ ብሎኗ ሥሩን ነክታለች። ወዲያው አወጣኋት። ልጅቷንም እናቷንም ይቅርታ ጠየቅሁ። ሥሩ ዳነ፤ ቶሎ ከወጣችለት ብዙ ጊዜ ራሱን ይጠግናል። ያቺ ልጅ ግን ልትነግረኝ አልቻለችም ነበር፤ አፏን ሙሉ በሙሉ ያደነዘዝኩት እኔ ነኝ።

ለዚህ ሥራ ድዱን ብቻ የሚያደነዝዝ ጥቂት መድኃኒት ይበቃል። ሥር አጠገብ ስትደርሱ ታካሚዋ ይሰማታል። እጃችሁ ላይም ከከበደ ቁሙ፤ አውጡና አቅጣጫ ቀይሩ። እኔ ዛሬም ካቻቢቴውን ሳላነሳ በፊት «ካመመሽ እጅሽን አንሺ፣ አቆማለሁ» እላለሁ። ስታነሳም አቆማለሁ።