«ፈተናው 3 ሰዓት ላይ አልከፈት አለ»

ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ ካለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የአይሲቲ መምህር እንዲህ ጽፈውልኛል፦

«156 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አሉን። ኮምፒውተሩ 24 ነው፤ የሚሠራው 20። ለኦንላይን ፈተና እናለማምዳቸው ብለን ሙድል የሚባለውን የትምህርትና የፈተና ፕሮግራም በኮምፒውተር ላባችን ሰርቨር (ዋናው ማሽን) ላይ ጫንን። የመጀመሪያው ሙከራ ጉድ አፈላ። 3 ሰዓት ላይ ይከፈታል ያልነው ፈተና ጊዜው አልፏል አለን። እንደገና ከፈትነው። የሒሳቡ ክፍልፋይ ኮድ ሆኖ መጣ። እንግሊዝኛው ላይ ምንባቡን ሳይጨርሱ ሰዓቱ አለቀ። በዚያ ላይ መብራት ሄደ። መምህራኑ አሁን በወረቀት ይሻለናል እያሉ ነው። ሁለት ወር ቀርቶናል። ከየት ልጀምር?»

መምህር፣ እንኳንም አሁን ሆነ። ይሄ ሁሉ በራስዎ ላብ ውስጥ መድረሱ ትልቅ ዕድል ነው። ብሔራዊ ፈተናው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በወረቀትም በኦንላይንም እየተሰጠ ነው። ልጆቹ እጃቸው ሳይፍታታ ማሽን ፊት ቢቀመጡ፣ የሚያውቁት ጥያቄ ሁሉ ሊጠፋባቸው ይችላል።

የ3 ሰዓቱ ነገር ቀላሉ ነው። ሰዓቱን የሞላው ሰው 3:00 ብሎ ጽፏል አይደል? ለማሽኑ ያ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ፈተናው ሌሊት ተከፍቶ፣ ሁላችሁም ተኝታችሁ ሳለ ተዘግቷል። የጠዋቱ 3 ሰዓት ማሽኑ ላይ 9:00 ነው። አይፈሩ፣ እኔም ሠርቼዋለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰርቨሩ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ራሱን እንዲያድስ ብዬ 8:00 ሞላሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ባለጉዳይ ተሰልፎ ሳለ፣ ድርግም አለ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ስሞላ ጣቴን እየቆጠርኩ ነው። የሰዓት ቀጠናውንም ይዩት። ዊንዶውስ ላይ ናይሮቢ የሚለውን ይምረጡ፤ ከእኛ ጋር እኩል ነው። ሙድል ላይ ግን አዲስ አበባ ራሱ አለ።

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ አሮጌ ማሽን ሲከፈት ቀኑ ከዓመታት በፊት ወደነበረው ከተመለሰ ወይም ኤፍ 1ን ተጫን እያለ ካስቸገረ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች ማለት ነው። ሲአር 2032 ይሏታል፤ ባለ 3 ቮልት ናት። ይህችን ንቆ የሚያልፍ ብዙ ሰው አለ። ቀኑ የተሳሳተ ማሽን ግን ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ብሮውዘሩ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ገጹን ይከለክላል። ልጁ ኔትወርክ የለም ብሎ ይቀመጣል፤ ኔትወርኩ ግን ምንም አልሆነም።

ሒሳቡ ኮድ የሆነበት ምክንያት አለው። ሙድል ክፍልፋይና ስኩዌር ሩት የሚስልለት ማትጃክስ የሚባል ፕሮግራም ነው። ይህን ፕሮግራም በነባሪው የሚያመጣው ከኢንተርኔት ነው። የእርስዎ ላብ ደግሞ ከውጭ ጋር ሳይገናኝ በውስጥ ኔትወርክ ብቻ ይሠራል። ስለዚህ የሚስልለት አጣ። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ማትጃክስን አውርደው ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጡ። ከዚያ ፊልተሮች ውስጥ ገብተው የማትጃክስን አድራሻ ወደ ራስዎ ሰርቨር ይቀይሩ። ሥሪቱ ሙድሉ ከሚጠቀመው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ይሄ ከከበደ ቀመሩን በፎቶ ማስገባት ይቻላል፤ እኔ ግን አልወደውም። ልጁ ገጹን ሲያጎላው ይደበዝዛል፤ የኃይል ቁጥሩ 2 ይሁን 3 አይለይም።

መብራቱን ማስቀረት አንችልም። ፈተናው የሚውለው ክረምት መግቢያ ላይ ነው፤ የጎንደር ነጎድጓድ ደግሞ ይታወቃል። ሰርቨሩን ላፕቶፕ ያድርጉት። 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ካለው ለ20 ልጅ አያንስም። የራሱ ባትሪ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ መጠባበቂያ) ይሆንለታል። ያለዎትን ዩፒኤስ ማሽኖቹን በኬብል ለሚያገናኘው የኔትወርክ ስዊች ይስጡት። ብዙ ላብ ውስጥ ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ሆኖ ስዊቹ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ አገኘዋለሁ። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ ብቻውን በርቶ ይቀራል።

ልጆቹ አንድ ነገር ይወቁ። ሙድል መልሳቸውን በየአንድ ደቂቃው ገደማ በራሱ ያስቀምጣል። ማሽኑ ቢጠፋ ተመልሰው ሲገቡ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሰዓቱ ግን አይጠብቃቸውም፤ መቁጠሩን ይቀጥላል። የጠፋውን ጊዜ የሚተካው መምህሩ ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ኦቨርራይድ በሚለው ቦታ ጊዜ ይጨመርለታል። ይህን በልምምድ ያሳዩአቸው። ማሽን ግን በድንገት አያጥፉ፣ ሃርድ ዲስክ ይጎዳል። የአንዱን ልጅ የኔትወርክ ኬብል ይንቀሉና «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ይበሉት። መጀመሪያ ቀን ፊቱ ይገረጣል። በሦስተኛው እጁን አውጥቶ መምህሩን ይጠራል።

አሁን ወደ ምንባቡ። እኔ የቴክኒክ ሰው ነኝ፤ እንግሊዝኛ ማስተማር አልችልም። ችግሩ ግን ግማሹ የእንግሊዝኛ አይደለም። ሙድል ላይ ጥያቄዎቹን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ገጽ አድርጋችኋል መሰለኝ። ልጁ ምንባቡን ያነባል፣ ቀጥል ይላል፣ ምንባቡ ይጠፋል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ወደ ኋላ ይመለሳል። ምንባቡንና ሦስት አራት ጥያቄዎችን አንድ ገጽ ላይ ያድርጓቸው። ያኔም ቢሆን ስክሮል አለ።

ወረቀት ላይ የለመደ ልጅ ቦታን በዓይኑ ያስታውሳል፤ ግራ ገጽ፣ ከታች፣ ከሥዕሉ አጠገብ። ስክሪን ላይ ይሄ ምልክት የለም። ስለዚህ ባዶ ወረቀት ይያዙ። አንቀጾቹን በቁጥር እየሰየሙ በሁለት ሦስት ቃል ይጻፉ፤ «2፦ የድርቁ ምክንያት» እንደማለት። ጥያቄው ሲመጣ ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ያውቃሉ። ፊደሉ ካነሰባቸው ኮንትሮልና የመደመር ምልክቱን አብረው ይጫኑ። አንድ ነገር ደግሞ አይቻለሁ፦ ስክሪን ላይ ሰው ይቸኩላል። የስልክ ልማድ ነው መሰለኝ፤ ጣቱ ካነበበው ይቀድማል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሰዓት ቆጣሪውን ይተዉትና ዝም ብለው ያንብቡ።

ሒሳብ ላይም ወረቀቱ አይቀርም። የጥያቄውን ቁጥር ይጻፉ፣ አሃዞቹን ከስክሪኑ ይገልብጡ፣ ከዚያ የገለበጡትን መልሰው ከስክሪኑ ጋር ያስተያዩ። ማይነስ የምትረሳው እዚህ ላይ ነው።

ትናንሽ ወጥመዶችም አሉ። ካፕስ ሎክ በርቶ ፓስወርድ እምቢ ይላል። ፓወር ግዕዝ በተጫነበት ማሽን ደግሞ የአማርኛው ፊደል በርቶ ይቆይና ያው ነው። ሺፍት አምስት ጊዜ ከተጫኑ ስቲኪ ኪይስ የሚል መስኮት ይመጣል፤ ልጆች ማሽኑን ያበላሹ ይመስላቸዋል።

መምህራኑን በተመለከተ፣ ስልጠና ብለው ፕሮጀክተር አይክፈቱላቸው። እንደ ተፈታኝ ያስቀምጧቸው። የ10 ጥያቄ ፈተና ይስጧቸውና ከመካከላቸው የአንዱን ፓስወርድ ሆን ብለው ያሳስቱበት። የሚሳሳቅ የመምህራን ክፍል ቶሎ ይማራል። ጥያቄ ማስገባቱ ከሰለቻቸው ሙድል የሚቀበለው አይከን (Aiken) የሚባል የጥያቄ አጻጻፍ አለ። ጥያቄው በአንድ መስመር፣ ከሥሩ ምርጫዎቹ በካፒታል ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ መጨረሻ ላይ «አንሰር» በእንግሊዝኛ ካፒታል ፊደል፣ ሁለት ነጥብና የመልሱ ፊደል። ኖትፓድ ላይ ተጽፎ ዩቲኤፍ 8 (UTF-8) በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ ሴቭ ይደረግና 50 ጥያቄ በአንዴ ይገባል። ምርጫ ላይ ንዑስ ፊደል ከተጠቀሙ ግን አይቀበልም።

ተራውን እንዲህ አስቡት። 156 ልጅ በ20 ማሽን 8 ዙር ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከትምህርት በኋላ አንድ አንድ ዙር፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት። እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አንዴ ይደርሰዋል፤ በሁለት ወር ስምንት ጊዜ። ሁልጊዜ አንድ ማሽን ላይ አይቀመጡ። የፈተናው ቀን የሚያገኙት ኪቦርድ የእናንተ አይሆንም፤ ፕሮግራሙም ሙድል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የአዝራሩን ቦታ አያስሸምድዷቸው። «ቀሪ ሰዓቴ የት ነው? ያልመለስኩት ስንት ነው? ማስረከቢያው የቱ ነው?» ብለው ራሳቸው እንዲፈልጉ ያስለምዷቸው።

የተበላሹትን አራት ማሽኖች ቅዳሜ ከሰዓት ጎንደር ፒያሳ ይዘዋቸው ይምጡ። ስክሪንና ኪቦርድ አያስፈልግም፣ ሲፒዩ የምንለውን ሳጥኑን ብቻ። የአንዱን ራምና ፓወር ሰፕላይ ለሌላው እየሰጠን ከአራቱ ሁለቱን ሳናስነሳ አንቀርም።