ታክሲ ውስጥ ማማተብ ያሳፍራል?

ጥያቄ፦ ፒያሳ ነው የምሠራው። ከባልደረቦቼ ጋር በታክሲ አራዳ ጊዮርጊስን ስናልፍ ለማማተብ አፍራለሁ። አንዷ «ጻድቋ መጣች!» ብላ ስቃብኛለች። ስለ እምነቴ ሲጠይቁኝም አፌ ይተሳሰራል። ዐይነ ልቦናዬ አልበራ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትና አለማየት ለየቅል ናቸው። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን ተመልከቺ። ጌታችን በምራቁ ጭቃ አድርጎ ዐይኑን የቀባው ዕውር ሰው በሰሊሆም መጠመቂያ ታጥቦ አየ። ወላጆቹ የአይሁድ አለቆች እንዴት እንዳየ ሲጠይቋቸው ከምኩራብ እንዳይባረሩ ፈርተው «እሱን ጠይቁት» ብለው ሸሹ። እሱስ? ስለፈወሰው ሲጠየቅ መጀመሪያ «ነቢይ ነው» አለ። ሲያፋጥጡትም ዕውር እንደነበረ፣ አሁን ግን እንደሚያይ ብቻ ተናገረ። ጭራሽ «እናንተም ደቀ መዛሙርቱ ልትሆኑ ትወዳላችሁ?» አላቸው (ይሄ ሰውዬ የአራዳ ልጅ ሳይሆን አይቀርም!)። ለጌታ «አምናለሁ» ብሎ የሰገደው ከተባረረ በኋላ ነው። ሁሉም እስኪገባው አልጠበቀም።

አንቺም ማኪያቶ ላይ ስብከት አትጀምሪ፣ ያሰለቻል። ረቡዕ ለምን ትጾሚያለሽ ካሉሽ ግን ምክንያትሽን በሁለት ዐረፍተ ነገር ንገሪያቸው። የማታውቂውን «እሱን አባን ልጠይቅ» በይ። ታክሲ ውስጥም አማትቢ። ያቺ ልጅ እንደሆነች ትሳቅ፣ ነገ ሌላ የምትስቅበት አታጣም።