ቀለም በሌለበት ምን አስተምራለሁ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሥዕል ተመርቀሻል። አሁን ደቡብ ወሎ ገጠር ጥበብ የሚያስተምሩ ወጣቶችን የሚያዘጋጅ የሦስት ወር ሥልጠና አግኝተሻል። እናትሽ «ይህን ሁሉ ተምረሽ ገጠር ልትወርጂ?» ይላሉ። ዱባይ ያለው ወንድምሽ ባንክ እንድትገቢ ሰው አናግሯል። አንቺ ደግሞ «ቀለም የለ፣ ሸራ የለ፣ ምን አስተምራለሁ?» ትያለሽ።

ቀለሙን ተዪው። እኔም ሥራ የጀመርኩት ገጠር በማስተማር ነው። እረኛው ልጅ ከጭቃ በሬ ይሠራል። ሲደርቅ ቀንዱ ይረግፋል። «ለምን ወደቀ?» ብለሽ ጠይቂው፤ ከዚያ ውስጡ ስንጥር እንዲያስገባ አሳዪው። ይኸው ቅርጻ ቅርጽ። ከሰል አለ፣ ቀይ አፈር አለ፣ የማሽላ አገዳ አለ። ባቲና አምባሰል የሚባሉት የዜማ ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙበት ወሎ እኮ ነው የምትሄጂው! ዋሽንት የሚነፋ ልጅ ክፍልሽ ውስጥ ባይገኝ ይገርመኛል።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መሣል ሌላ፣ ስድሳ ልጅ ፊት ቆሞ ማስተማር ሌላ። ስለዚህ አዘጋጆቹን ጠይቂ፦ በሦስቱ ወር ውስጥ እውነተኛ ክፍል ገብቼ ስንቴ አስተምራለሁ? ማን ቁጭ ብሎ አይቶ ያርመኛል? መልሱ «ወርክሾፕ አለ፣ ሰርተፍኬት አለ» ብቻ ከሆነ ይቅርብሽ። የክፍሉ መምህር አብሮሽ ይሠለጥን እንደሆነም ጠይቂ። ክወናና ዕይታ ጥበባት፣ ማለትም ሙዚቃ፣ ትወናና ሥዕል፣ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል፤ ግን ብዙ ቦታ ክፍለ ጊዜ ለጎደለበት መምህር ማሟያ ይደረጋል። አንቺ ስትወጪ የሚቀረው እሱ ነው።

ወንድምሽ ካስተማረሽ ውለታውን አክብሪ። የሕይወትሽን መንገድ መምረጥ ግን የውለታው አካል አይደለም። ገንዘብ እንድታግዢው ከፈለገ በግልጽ ይናገር፣ ስንት እንደምትችዪ ንገሪው። ለእናትሽም «ገጠር ወረደች» ከሚለው የጎረቤት ወሬ በቀር የሚጎዳቸው ነገር አይታየኝም።

የሥልጠናው አበል ትንሽ ነው ያልሽው እውነት ነው። የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይሰጥሽ፤ «እናስተካክላለን» ካሉሽ አትፈርሚ። የመንገዱን ሰላም ከአዘጋጆቹ ሳይሆን ከዚያው አገር ሰው ጠይቂ። የራስሽን ሥዕል ቅዳሜ ቅዳሜ ሣዪ።

ከመፈረምሽ በፊት ሰፈርሽ ያለ ትምህርት ቤት ሂጂና ርዕሰ መምህሩን አንድ ክፍለ ጊዜ ለምኚ። አራተኛ ክፍል ይሁን። ቀለም ይዘሽ አትግቢ።